ያደረ ሞተር አይዋሽም፦ ያገለገለ ናፍጣ መኪና ስለመግዛትና ስለመያዝ

(ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ልጄ በስልኳ ቀድታ ጻፈችው። እኔ ያስወጣሁት የቡና ዕረፍቱንና ሁለት ሰዎች ላይ የቀለድኩትን ብቻ ነው።)

የተከበራችሁ የዕድራችን ሊቀመንበርና የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን በሉ እንጂ! እንዲህ ነው።

አጀንዳው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈው እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን ባለፈው ወር ጠርተውኝ፣ «ከሰፈሩ ልጆች አራቱ ዘንድሮ ያገለገለ ናፍጣ መኪና ገዙ፤ ሦስቱ መኪኖች አሁን ጋራዥ ናቸው፤ ኧረ አንድ ነገር በል» አሉኝ። እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን እጄ ናፍጣ ውስጥ ነው። ባለቤቴ «አንተን ሳሙና አይመልስህም» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስትገዙ ምን ታያላችሁ? ሁለተኛ፣ ከገዛችሁ በኋላ መኪናውን የሚገድሉት እነማን ናቸው? ሦስተኛ፣ ወረቀትና ገንዘብ። አንደኛው ይረዝማል፣ ሦስተኛው ያጥራል። መሀል ላይ ከመስመር ከወጣሁ በጭብጨባ መልሱኝ።

ለመሆኑ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ናፍጣ መኪና ከየት የመጣ ነው? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያም በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎት ነበር። ስለዚህ ደላላው «ትናንት ከዱባይ የወረደ» ቢላችሁ ሳቁና እለፉ። የምትገዙት እዚሁ ሲዞር የኖረውን ነው። እኔ አንድ ፒክአፕ አውቃለሁ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት ባለቤት ቀይሮ አራት ጊዜ ጋራዤ ገብቷል። አራቱም ሰዎች ሲገዙት «አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳው» ተብለዋል።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል። ቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ካንዴላው እሳት ይለኩስለታል። ናፍጣ ሞተር ግን የሚለኩስለት የለም። አየሩን ይጨምቃል፣ ይጨምቃል፣ ሃያውን እጅ አንድ እጅ እስኪያደርገው ድረስ ይጨምቃል። ያን ጊዜ አየሩ ከመጋሉ የተነሳ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? የመንፊያው ጫፍ እጅ ያቃጥላል አይደል? እሱ ነው። መጨመቅ ከሌለ ሙቀት የለም። ሙቀት ከሌለ መነሳት የለም። እና ሞተሩ መጨመቅ የሚያቅተው መቼ ነው? ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ሲበላ፤ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው በር፣ ቫልቮላው፣ ሲያስተነፍስ፤ የሞተሩ የላይ ክፍል፣ ቴስታታው፣ ሲሰነጠቅ ነው። ይህ ድካም የሚታየው ደግሞ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። ከሞቀ በኋላማ ሽማግሌውም ጎረምሳ ይመስላል።

ይህን ሞተር የፈጠረው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1897 ጀርመን አገር አውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ አሳየ። ከዚያ በ1913 ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር ማታ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጠዋት ቢፈልጉት የለም። ባሕር በላው። ዓለም ሁሉ ዲዝል ሲል እኛ ስሙን አልወሰድንም፤ ጣሊያኖቹ «ናፍታ» ሲሉ ሰምተን ናፍጣ አልነው። ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ቋንቋችን ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ... እሺ፣ እሺ! ጭብጨባው ገብቶኛል፤ ተመለስኩ።

ወደ አንደኛው ነጥብ። እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

1997 ዓ.ም. ነው። በሙያው አሥር ዓመቴ። አውቃለሁ ብዬ የምኮራበት ዘመን። አንድ ሚኒባስ ልገዛ ሄድኩ። የደረስኩት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው፤ ቡና አስፈላልኝ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳ። ጭስ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ልወጣ ብል ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፤ መኪናው ወይ ፍንክች። ያን ጊዜ የገፋችሁልኝ ሰዎች ቢያንስ ስድስታችሁን ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም አሉበት፤ ጋቢዎን እንደለበሱ ነው የገፉልኝ። አንድ ቀን ብቻ ነበር እንዴ? ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ገፍታችሁልኛል!

ሰውየው ምን አድርጎ ነበር? እኔ ከመድረሴ በፊት አስጎትቶ አስነስቶ፣ ሰፈሩን አዙሮ፣ አሙቆ አቁሞልኛል። እኔ፣ መካኒኩ፣ ኮፈኑን እንኳ በእጄ አልዳሰስኩም። ቡናው ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱበት። ሻጩን «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፤ እባክህ እኔ ሳልመጣ አታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፋችሁ ዳስሱ። ሞቅ ካለ፣ «ይቅርታ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ያደረ ሞተር አይዋሽም። የሞቀ ሞተር ግን እኔንም ዋሽቶኛል።

እሺ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ቦታ ክፈቱ። አንደኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አያቃጥላችሁም። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ካያችሁ፣ ወይም ዝገት ብቻ ከሆነ፣ ልብ በሉ። ሁለተኛው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ ዛሬ ቀይራችሁት ነገ ይጠቁራል፤ ይህ ጤና ነው። እንዲያውም ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት ካያችሁ «ይህ ሰው ትናንት ለምን ቀየረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስፈራው ወተት የገባበት ቡና የመሰለው ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሌላው የሚያስፈራ ደግሞ ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ነው። ዘይት በራሱ አይጨምርም። ከጨመረ ናፍጣ ከሚረጨው ከኢንጀክተር ወይም ናፍጣውን ከሚገፋው ከፖምፓ ናፍጣ እየወረደበት ነው።

አሁን አስነሱ። ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ እስኪጠፋ ጠብቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢያወጣ፣ ለአንድ ደቂቃ ቢንቀጠቀጥ፣ ግድ የለም። ጤነኛ ሰውም ጠዋት ያስነጥሰዋል። ግን ማሞቂያው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ደጋግሞ ከተሽከረከረና የሚነሳው በስንት ልመና ከሆነ፣ የኔ ሚኒባስ ወንድም ነው።

ጭሱን እዩት። አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፣ ሌላው ከኋላ ይቁም። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል፤ የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ቆሽሾ ወይም ኢንጀክተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚታረም ነው። እኛ ከተማ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ፣ አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ፣ የሌለው አሮጌ ናፍጣ መኪና እንጦጦን ሲወጣ ትንሽ ቢጠቁር አትፍረዱበት፤ አየር አጥሮት ነው። ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው፣ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው፤ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበላሽቷል። ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ዘይት ነው። እየበላ ነው።

ስለ ሰማያዊ ጭስ ካነሳሁ አንድ ቀን ያየሁትን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ደንበኛ ሰማያዊ የሚያጨስ ተርቦ መኪና ይዞ መጣ። ግቢ ውስጥ አቁሞ ሞተሩን ሊያጠፋ ቁልፉን መለሰ። ሞተሩ አልጠፋም! እንዲያውም ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ሰውየው ወርዶ ቁልፉን በእጁ እያሳየኝ ይጮሃል፦ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው! ቁልፉ እኔ ጋ ነው!» ልጆቹ መፍቻቸውን ጥለው ሮጡ። ግቢው በጭስ ተሞላ። ምን ሆኖ ነው? የተርቦው ውስጥ ተበልቶ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ነበር። ቀደም ብዬ ነገርኳችሁ፤ ለኩሱኝ የማይል ሞተር ነው፤ የሚቃጠል ነገር ካገኘ ይሄዳል። ገብቼ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጬ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። መኪናው ተንቀጥቅጦ፣ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር፤ የአየር ማስገቢያውን በጣውላ ለመድፈን መሞከር ነው። በእጅ ግን በፍጹም! ይስበዋል። ሰማያዊ ጭስ ያለው ተርቦ መኪና «ዋጋ ይቀነስልኛል» ተብሎ አይገዛም።

ከመስመር ወጣሁ መሰለኝ? አላጨበጨባችሁም፤ እንግዲያው ወዳችሁታል።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢወዛወዝ ደህና ነው። እንደ ፈላ ጀበና ክዳን ከዘለለ፣ ጭሱም ቡፍ ቡፍ ካለ፣ ጭምቁ በፋሻው እያመለጠ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ስለ ኪሎሜትር ቆጣሪው መከራከር አያስፈልገውም። ቆጣሪውማ ይመለሳል፤ ማን አስመለሰው ብላችሁ አትድከሙ። የፍሬኑን ፔዳል ጎማ እዩ፣ የመሪውን ቆዳ እዩ፣ የሾፌሩን ወንበር እዩ። ቆጣሪው 90,000 ይላል፣ የፔዳሉ ጎማ ግን ብረቱ ድረስ አልቋል። ማንን ታምናላችሁ?

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይጠየቃል፦ «የትኛው ሞተር ይሻላል?» አድልዎ አለብኝ፤ አልደብቅም። አምስት ኤል የምንለው ባለ ሦስት ሊትሩ የቶዮታ ሞተር፣ ወይም ላንድክሩዘር ላይ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ፣ ተርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም፣ አይሮጡም። ግን ጎጃም ደጀን ከተማ ላይ ቢቆሙ ደጀን ላይ የሚሠራቸው ሰው አለ። አዲሶቹ፣ ዲፎርዲ የምንላቸውና መሰሎቻቸው ኮመን ሬይል ሞተሮች፣ ናፍጣው በኮምፒውተር ትእዛዝ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭባቸው፣ ይሮጣሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ጸጥ ያሉ ናቸው። እነሱን ስትገዙ ግን ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር መልስ፣ ሳይረጭ የሚመልሰውን ናፍጣ፣ ይለካላችሁ። የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ፣ ሂዱና ጠይቁ፤ ከዚያ ቁጭ የምትሉበት ወንበር ፈልጉ።

ቺንጋ! ረስቼው ነበር። ቫልቮላውን በሰዓቱ የሚያስከፍተው ታይሚንጉ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ የሚዞር ሞተር፣ አምስት ኤሉም ዋን ኤች ዜዱም እንደዚያ ናቸው፣ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቮላው ይጋጫሉ። በ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ሻጩ «በቅርቡ ቀይሬዋለሁ» ካለ «ደረሰኙ የታለ?» በሉት። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም። ክርክር የለም፤ በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። መኪናውን ገዛችሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን የሚገድሉት እነማን ናቸው? ውሃ፣ ቆሻሻና ሙቀት። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዕድሜ ብቻ የሞተ ናፍጣ ሞተር ያየሁት ጥቂት ነው። ሦስቱ ናቸው የጨረሷቸው።

ውሃ። ናፍጣ ውሃ ይጠላል። ውሃው ከየት ይመጣል? ግማሽ ነዳጅ ያለው ታንከር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያላብና ላቡ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መኪናውን ማታ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ነዳጅ ካለ ማለቴ ነው። አትሳቁ! ሰልፉን አውቃለሁ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ናፍጣ ሲጠፋ ሰው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል። ያ ጀሪካን ትናንት ውሃ ይቀዳበት ነበር። ወይም ናፍጣው ላምባ ተቀላቅሎበታል። ላምባ ምን ያደርጋል? የናፍጣ ፖምፓ ሌላ ቅባት የለውም፤ ቅባቱ ራሱ የሚያሳልፈው ናፍጣ ነው። ላምባ ደረቅ ነው፣ አያለሰልስም። ሞተሩ ይሄዳል፣ እንዲያውም ድምፁ ብቻ ትንሽ ይቀየራል፤ ፖምፓው ግን ብረት ለብረት እየተፋጨ ነው። በጀሪካን መግዛት ግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ በሃይላንድ ጠርሙስ ቅዱና አቁሙት። ውሃ ካለው ታች ይተኛል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አብዛኛው የናፍጣ ፊልትሮ ታች ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ማን ያውቀዋል? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አንድ፣ ሁለት... ሦስት። ስንት መኪና አለ በዚህ ሰፈር! ያቺን ማፍሰሻ በሳምንት አንድ ቀን ላላ አድርጋችሁ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫናችሁ፣ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ አፍስሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮው ምልክት ሲበራ ደግሞ «ቤቴ ልድረስና» አይባልም። ቁሙ፤ አፍስሱ። በኮመን ሬይል መኪና ላይ ውሃ ይዞ መንዳት ፖምፓና ኢንጀክተር አንድ ላይ መቅበር ነው።

ቆሻሻ። ይህን በአጭሩ ልበለው። በኮመን ሬይል ኢንጀክተር ውስጥ ያለው ክፍተት የጠጉርን ውፍረት ለሃያ ብትከፍሉት ከሚደርሳችሁ አይበልጥም። ናፍጣው በዚያ የሚያልፈው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። አቧራ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ አሸዋ ወረቀት ነው። ስለዚህ የናፍጣ ፊልትሮ ላይ አትቆጥቡ፤ ርካሽ ብላችሁ የማታውቁትን ስም አትግዙ። የአየር ፊልትሮውን ኮረኮንች መንገድ የምትሠሩ በየሳምንቱ እዩት። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትሩ፣ ከነፊልትሮው። «ይህ ዘይት 10,000 ይሄዳል» የሚላችሁ ይኖራል። በእኛ አቧራና በእኛ የመንገድ መጨናነቅ ቆሞ እየሠራ የሚውለውን ሰዓት ቆጣሪው አይቆጥረውም። በዚህ ዘይት ነገር ላይ ግትር ነኝ፤ ተውኝ።

ሙቀት። እናቶቼ፣ ይህን እናንተ ከወንዶቹ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? «መቶ» ያለ ልጅ አለ፤ ትምህርት ቤት እንዲያ ተምሮ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላው፣ አተሩ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ከ80 በላይ፣ ወደ 90 ይሠራል። ታዲያ ራዲያተሩ ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድን ነው? በክዳኑ! ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘው መፍላቱ ከ110 በላይ ይገፋል። ያች ትንሽ ክዳን፣ ስትጠፋ በሌላ መኪና ክዳን የምትተኳት፣ ጎማዋ ያለቀው፣ እሷ ናት ሞተሩን የያዘችው።

አንድ ደንበኛዬ ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ይመጣል። ዓባይ በረሃን ታውቁታላችሁ፤ ከደጀን ወደ ድልዩ ቁልቁል፣ ከድልዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ከሺህ ሜትር በላይ ዳገት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጭነት። ራዲያተሩ ላይ ያለው ክዳን የራሱ አልነበረም፤ አንድ ቦታ ያገኘው ነው። የሞተሩን ሙቀት በልኩ የሚይዘውን ቴርሞስታትም «ያሞቃል» ብለው አውጥተው ጥለውለታል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፈላ። እሺ፣ መፍላት ያጋጥማል። ቆሞ ቢጠብቅ ኖሮ ክዳንና ውሃ ብቻ ነበር ወጪው። እሱ ግን ረዳቱን በሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥቶ የጋለው ሞተር ላይ ደፋበት። ቴስታታው «ጧ» ሲል ሰማሁ ብሎኛል። የዚያን ጤፍ ትርፍ፣ የሚቀጥለውንም፣ የዚያ ቀጣዩንም ቴስታታው በላው።

ስለዚህ ሲፈላ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ክዳኑን ትኩስ እያለ አትክፈቱ፤ ፊታችሁን ይበላችኋል። ቴርሞስታት አታስጥሉ፤ ያለ እሱ ሞተሩ ደጋ ላይ በልኩ አይሞቅም፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ፋሻው ያልቃል። ተርቦ ያለው መኪና ከዳገት ስትወጡ ወዲያው አታጥፉት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይተንፍስ። ቁልቁለትም ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነዳጅ መቆጠብ የሚመስለው ሰው አለ። ተዉ! በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝላችኋል፤ ፍሬናችሁም አይቃጠልም።

ሦስተኛው፣ ወረቀትና ገንዘብ። ያጥራል ብያለሁ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በራሳችሁ ዓይን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ናፍጣ መኪና ላይ ሞተር ተቀይሮ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ግን ጣጣው የእናንተ ይሆናል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑን ጠይቁ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ተፈራረሙ። «በመንደር ውል እንጨርሰው፣ በኋላ ይዞራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙና ምሳ ጋብዙት፤ ከዚያ በላይ አትስጡት።

ገንዘብ። ያላችሁን ሁሉ ለመኪናው አትክፈሉ። ከዋጋው አሥር እጅ አንዱን ለዩና ለመጀመሪያው ወር አስቀምጡ፦ ለዘይት፣ ለፊልትሮዎቹ ሁሉ፣ ለቺንጋ፣ ለራዲያተር ክዳን፣ ለባትሪ። በተለይ ባትሪ፤ ናፍጣ ሞተር ለመነሳት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ደካማ ባትሪ ይዛችሁ ሞተሩን አትውቀሱ። ዕቁብ ወጥቶላችሁ የምትገዙ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የምለው። ዕቁቡ ገና ሳያልቅ መኪናው ከቆመ፣ መክፈሉ ይቀጥላል፤ መኪናው ግን አይቀጥልም።

እዚህ ላይ አንዲት እህታችን ቅድም በቡናው ሰዓት የጠየቀችኝን ጮክ ብዬ ልመልስ። «እኔ ከዚህ መገናኛ ብቻ ነው የምሄደው፣ ልጆቼን አድርሼ እመለሳለሁ፤ ናፍጣ ልግዛ ወይ?» አለችኝ። አይ እህቴ፣ አትግዢ። ናፍጣ ሞተር እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንቺ ሳይሞቅ ታጠፊዋለሽ። በየቀኑ እንዲያ ስትሆኚ ጥቀርሻ ይሞላዋል። ጭስ ማጣሪያ ያለው አዲስ ዓይነት ከሆነማ ጭራሽ ይደፈንብሻል። ለአንቺ ቤንዚን፣ ወይም አቅሙ ካለሽ ኤሌክትሪክ። ናፍጣ ለሚጭን፣ ለሚርቅ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ነው። መካኒክ ሆኜ ደንበኛ ሳባርር አያችሁኝ?

ጋሼ ሊቀመንበር ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ጨረስኩ፤ አንድ ማስታወቂያ ብቻ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ናፍጣ መኪናው ግቢው ውስጥ የሚያድር ሰው ካለ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በየበራችሁ እመጣለሁ። ከላይኛው ቅያስ እጀምራለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ለሁለት ወር የገፋችሁልኝን ልከፍል ነው። አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና ቁራጭ ጨርቅ አዘጋጁ፤ የፊልትሮውን ውሃ ስናፈስ ያስፈልገናል። እና እባካችሁ፣ ሞተሩን እኔ ሳልደርስ አታስነሱት። ኮፈኑን እዳስሰዋለሁ።